የሲኩዌንስ ስትራቲግራፊ ኦንላይን ኮርሱ ብሩን ያወጣል?

ባጭሩ፣ ያወጣል። ኮርሱ የባሕሩ ከፍታ ሲወጣና ሲወርድ የደለል ንብርብሮች እንዴት እንደተደራረቡ ማንበብን ያስተምራል። ግን የጂኦሎጂ መሠረት ለሌለው ሰው አይሆንም።

ምርጡ ክፍል አሜሪካ፣ ዩታ ውስጥ ቡክ ክሊፍስ የሚባለው ገደል ላይ የተቀረጸው ነው። አስተማሪው ከታች ካለው ማንኮስ ሼል (ሼል ከጭቃ የተሠራ ድንጋይ ነው) ተነስቶ ገደሉን ወደ ላይ እየጠቆመ፣ ቅንጣቱ እየተለቀ ሲሄድ የባሕሩ ዳርቻ እየሸሸ እንደነበር፣ ድንገት ጭቃ ሲመጣ ደግሞ ውሃው ተመልሶ ዳርቻውን እንደዋጠው ያሳያል። ያቺን ጭቃ እንዳትንቋት! ከሩቅ አንድ የሚመስሉ ሁለት አሸዋዎች መሃል ገብታ ጋዝና ዘይት እንዳያልፍ ልትዘጋ ትችላለች። አሸዋን ከአሸዋ በመልክ ብቻ ማገናኘት ጉድ የሚሠራው ለዚህ ነው።

የጋማ ሬይ ልምምዱም (ጉድጓድ ውስጥ የድንጋዩን የተፈጥሮ ጨረር እየለኩ አሸዋን ከሼል መለየት) አሪፍ ነው። ብቻ ፌልድስፓር (ፖታሲየም ሲኖረው ጨረር የሚያወጣ ማዕድን) የበዛበት አሸዋ ሼል መስሎ እንደሚያጭበረብር በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው ያለፉት።

ትልቁ ቅሬታዬ የወንዝ አሸዋ ላይ ነው። ነካ አድርገው ተዉት። ኦጋዴን ላይ ለሚሠራ ሰው ይሄ ቀላል ጉድለት አይደለም፤ የካሉብ ጋዝ ያለበት የካሉብና የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ በአብዛኛው የወንዝ ደለል ነው። እዚያ ንብርብሩን በመወሰን ከባሕር ከፍታ ይልቅ የመሬቱ መስመጥና የአየር ንብረቱ ሊገን ይችላል።

ክፍያው ደግሞ በዶላር ካርድ ብቻ ነው። ለተማሪ ቅናሽ አላቸው፣ ጠይቋቸው።