«በማንኛውም ብሮውዘር ይሠራል» ያሏችሁን ኢሜይል ሳትሞክሩ የዓመት እንዳትከፍሉ

ለሱቃችሁ ወይም ለቢሯችሁ በራሳችሁ ዶሜይን (በኢሜይል አድራሻ ከ@ ምልክት በኋላ የሚመጣው ስም) ኢሜይል ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ መጀመሪያ ይህን አንብቡ። በተለይ ሊኑክስ (በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫን ነፃ ሲስተም) የምትጠቀሙ፣ ወይም ክሮም የማይመቻችሁ።

እኛ የገዛነው ፓኬጅ ዶሜይን፣ የድረ ገጽ ማስቀመጫ (ሆስቲንግ) እና ኢሜይል በአንድ ላይ የያዘ ነው። የሻጩን ስም አልጠራም። ማስታወቂያቸው «በየትኛውም ኮምፒውተር፣ በየትኛውም ብሮውዘር» ይላል። ክፍያው የዓመት ነው፣ ያውም ቅድሚያ። የቢሯችን ማሽኖች ሊኑክስ ሚንት ናቸው፣ ብሮውዘሩ ደግሞ ፋየርፎክስ። ገጹ ይከፈታል፣ የይለፍ ቃሉን ይቀበላል፣ የገቡት መልእክቶችም ይታያሉ። እስከዚህ ሰላም ነው። ፋይል ለማያያዝ ስትሞክሩ ግን ቁልፉን ብትጫኑት ብትጫኑት ወይ ፍንክች። ፕሮፎርማ መላክ ለማይችል ቢሮ ኢሜይል ምን ያደርግለታል?

አማርኛ ሲጻፍ ደግሞ ይብሳል። የእኛ የአማርኛ ኪቦርድ መጀመሪያ ሳድሱን ያሳያል፣ ቀጥሎ አናባቢው ሲነካ ይቀይረዋል። ይህ ዌብሜይል (በብሮውዘር የሚከፈተው የኢሜይል ገጽ) ግን ሁለቱንም ይዞ ያስቀራል። «ሰላም» ብላችሁ ትጽፋላችሁ፣ «ስሰልላም» ሆኖ ይወጣል። እንዲህ ያለ ደብዳቤ የደረሰው ደንበኛ ምን እንደሚል እናንተው ገምቱት።

ደወልን። ልጁ ትሁት ነው፤ «ክሮም ይጫኑ» አለን። ቀጥሎ «ዊንዶውስ ቢያደርጉትስ?» መጣ። ገንዘባችን ይመለስ ስንል ደግሞ «ሰርቨሩ (ኢሜይሉ ያለበት ኮምፒውተራችን) አልወደቀም፣ ስለዚህ ተመላሽ የለም»። ውሉን ሳየው እውነትም እንደዚያ ይላል። አገልግሎት ተቋረጠ የሚባለው ሰርቨሩ ሲጠፋ ብቻ ነው፤ እናንተ ተጠቀማችሁበት አልተጠቀማችሁበት የእነሱ ጉዳይ አይደለም። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው።

አሁን የሚያናድደውን ልንገራችሁ። ብሮውዘር አንድ ድረ ገጽ ሲከፍት ስሙንና የሚሠራበትን ሲስተም አብሮ ይልካል። ፋየርፎክሱን «ክሮም ነኝ፣ ዊንዶውስ ላይ ነኝ» እንዲል አደረግኩት። ሌላ ምንም አልነካሁም። የፋይል ማያያዣው ወዲያው ሠራ! ችግሩ ፋየርፎክስ አቅቶት አልነበረም ማለት ነው። የሠራው ሰው ስሙን አይቶ በሩን ዘግቷል፣ በቃ። የ«ስሰልላም» ጉዳይ ግን እንዳለ ቀረ። እሱ እውነተኛ ስህተት ነው፤ በአማርኛ ጽፎ የሞከረው ሰው ያለ አይመስለኝም።

ይህ በሽታ አዲስ አይደለም። ኤክስቼንጅ 2007 የሚባለው የማይክሮሶፍት የቢሮ ኢሜይል ሲስተም ዌብሜይሉ ሙሉ ሆኖ የሚታየው በኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ብቻ ነበር። ፋየርፎክስ የያዘ ሰው የሚሰጠው «ላይት» የሚሉት የተቀነሰው ገጽ ነው። ለፋየርፎክስና ለሳፋሪ ሙሉው የተከፈተው በ2010ሩ እትም ነው። በሩ ላይ የነበረው ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ራሱ እ.ኤ.አ. ጁን 2022 ጡረታ ወጣ። ዛሬ ቦታውን የያዘው ክሮም ነው። ቪቫልዲ የሚባለው ብሮውዘር እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ በብዙ ገጾች ላይ የራሱን ስም መጥራት ትቶ ራሱን እንደ ክሮም ማስተዋወቅ ጀመረ። ስሙን ሲያዩ የሚያስቸግሩት ገጾች በዝተውበት ነው።

ትልልቆቹም ቢሆኑ ከዚህ ነፃ አይደሉም። ጂሜይል ለደካማ ኔትወርክና ለአሮጌ ብሮውዘር የሚሆነውን ቀላሉን ገጽ እ.ኤ.አ. በ2024 ዘግቶታል። ኔትወርክ ሲንቀራፈፍ በእሱ የሚገላገል ስንት ሰው ነበር። ግን ጂሜይል አይማፕ (ኢሜይልን ያለ ብሮውዘር በሌላ ፕሮግራም ማንበቢያ መንገድ) በነፃ ይሰጣል። ገጹ ካልተመቻችሁ ተንደርበርድ የሚባለውን የኢሜይል ፕሮግራም ጭናችሁ በዚያ ትሠራላችሁ፤ ብሮውዘር ምን አገባው? ፕሮቶን ሜይል በሚባለው ሌላ የኢሜይል አገልግሎት ላይ ለዚህ ብሪጅ የሚባል ፕሮግራም ያስፈልጋል፣ እሱም ለከፋዮች ብቻ ነው። ሊኑክስ ላይ ግን ይሠራል፣ ይህንንም በግልጽ ይነግሯችኋል። በግልጽ ከተነገረኝ ከፍዬም ቢሆን አልከፋም።

የእኛ ሻጭ አይማፕን የት እንዳስቀመጠው ታውቃላችሁ? «ፕሪሚየም» ፓኬጅ ውስጥ። መጀመሪያ የማይሠራ ገጽ ይሸጥላችኋል፣ ከዚያ ከገጹ መውጫውን በተጨማሪ ዋጋ። እኔ ማጭበርበር ነው የምለው፣ ሌላ ስም ያላችሁ ንገሩኝ።

ይህን አሁን የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። የዊንዶውስ 10 ነፃ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ከዱባይ የሚገቡት ያገለገሉ ላፕቶፖች ብዙዎቹ ዊንዶውስ 11ን በደንቡ አይቀበሉም። ስለዚህ ወደ ሊኑክስ የሚሻገር ሰው እየበዛ ነው፣ ሻጮቹ ደግሞ አሁንም ዓለም ሁሉ ዊንዶውስና ክሮም ይመስላቸዋል።

ከመክፈላችሁ በፊት የሙከራ አድራሻ ጠይቁ። እምቢ ካሉ ተዉት። ከሰጧችሁ በራሳችሁ ማሽን፣ በራሳችሁ ብሮውዘር ግቡና አንድ ፒዲኤፍ አያይዛችሁ ላኩ። ሁለት መስመር አማርኛ ጻፉ፤ ደርሶ ሲከፈት እንዴት እንደሚታይ ተመልከቱ። በስልክም ሞክሩት። ኦፔራ ሚኒን በከፍተኛው የዳታ ቁጠባ የምትጠቀሙ ከሆነ ብዙ ተስፋ አታድርጉ፤ ዳታ ለመቆጠብ ገጹን በራሱ ሰርቨር ላይ ጨምቆ ስለሚያመጣው ከባድ ዌብሜይል እዚያ አይራመድም።

ከዚያ አይማፕና ኤስኤምቲፒ (ከፕሮግራሙ ኢሜይል መላኪያው) በምትገዙት ፓኬጅ ውስጥ መኖራቸውን በጽሑፍ አስመልሱ። በስልክ የተባለ ነገር ነገ አይገኝም። ዌብሜይሉ ምን እንደሆነም ጠይቁ። ራውንድኪዩብ ነው ካሏችሁ ጥሩ ነው፤ ነፃ የዌብሜይል ሶፍትዌር ነው፣ ፋየርፎክስ ላይ በደንብ ይሄዳል። «ራሳችን የሠራነው ነው» ካሏችሁ ሙከራውን እጥፍ አድርጉት።

ዶሜይኑ በማን ስም እንደተመዘገበም ሳታዩ እንዳትፈርሙ። በእናንተ ስም ከሆነ የኤምኤክስ ሪከርዱን (የዶሜይኑ ኢሜይል ወደ የት እንደሚሄድ የሚናገረውን መዝገብ) ቀይራችሁ ኢሜይሉን ብቻ ወደ ሌላ አገልግሎት ማዛወር ትችላላችሁ፤ አድራሻችሁ አይቀየርም፣ ደንበኛም ምንም አያውቅም። እኛም በመጨረሻ ያደረግነው ይህንን ነው። የተከፈለው የዓመቱ ብር ግን እዚያው ቀርቷል።