መቆየት ወይስ መውጣት? የእንግሊዝ ነገር

እሁድ ጣና ዳር ቆሮሶ ዓሣ አስጠብሰን ስንበላ ጓደኛዬ «ቆይ፣ እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት ወጥታ ምን አተረፈች?» አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2016 ድምፅ ከሰጠው ሕዝብ 51.9 በመቶው «እንውጣ» አለ፣ በ2020 ወጡ።

ወጪ፦ የቆየ መዋጮ ይከፍላል፣ ዕቃው ግን ያለ ጉምሩክ ያልፋል። የወጣ መዋጮው ይቀርለታል፣ ወረቀቱ ይበዛበታል።

ዓሣ፦ እዚህ ላይ ቆየን፣ ፊታችን አጥንት ተከምሮ እንዴት አንቆይ! የቆየ ባሕሩን ከጎረቤት ጋር በኮታ ይካፈላል። የወጣ «ባሕሩ የኔ ነው» ይላል፤ ግን የእንግሊዝ አጥማጅ ዋና ገበያው ያው አውሮፓ ስለሆነ፣ ከ2021 ጀምሮ ለሚልከው ጭነት የጤና ሰርተፍኬትና የጉምሩክ ፎርም እየሞላ ነው። ዓሣ ደግሞ ወረፋ አይችልም።

ሥራ፦ የቆየ ዜጋ ያለ ቪዛ ፓሪስ ሄዶ ይቀጠራል። የወጣ ቪዛ ይጠይቃል፣ ማን እንደሚገባ ግን ራሱ ይወስናል።

አደጋ፦ የሰሜን አየርላንድ ድንበር። ሰሜን አየርላንድ በእንግሊዝ ሥር ናት፣ ጎረቤቷ አየርላንድ ግን ኅብረቱ ውስጥ ናት። ለዓመታት አናታቸውን አዙሮታል።

እና የቱ ይሻላል? ገበያህ ጎረቤትህ ከሆነ ቆይ። ሕግህን ራስህ ማውጣት ከሁሉ ከበለጠብህና ዋጋውን ከቻልከው ውጣ። ጓደኛዬ እንደ ኖርዌይ አባል ሳይሆኑ ገበያው ውስጥ መግባት ይሻላል ባይ ነው፤ ያም ቢሆን መክፈል አለ፣ ድምፅ ግን የለም።