ሉመኑ ተቀራራቢ፣ ርቀቱ ለየቅል፦ ሦስት የእጅ ባትሪዎች ሲነጻጸሩ

የኦላይት ባቶን 3 1200 ሉመን ነው፤ የዚያው ኩባንያ ጃቭሎት ደግሞ 1350። ቁጥሩን ብቻ ላየ ሰው ሁለቱ መንትያ ይመስላሉ። ባቶኗ ግን የምትደርሰው 166 ሜትር ሲሆን ጃቭሎት 600 ሜትር ይሄዳል።

ሉመን ከባትሪው የሚወጣው ብርሃን ጠቅላላ መጠን ነው፤ ወዴት እንደሚሄድ አይናገርም። ብርሃኑ በጨረሩ መሃል ምን ያህል እንደተሰበሰበ የሚነግረን ካንዴላ ነው። ባቶን 3 6,900 ካንዴላ አላት፣ ጃቭሎት 90,000። ከዚህ ተነስቶ ርቀቱን ማስላት ቀላል ነው፦ የካንዴላውን ስኩዌር ሩት በ2 ማባዛት። የ90,000 ስኩዌር ሩት 300 ነው፤ በ2 ሲባዛ 600። ስለዚህ ርቀቱ እጥፍ እንዲሆን ካንዴላው አራት እጥፍ ማደግ አለበት።

የእጅ ባትሪ አምራቾች በሚጠቀሙበት በኤኤንኤስአይ ኤፍኤል1 መለኪያ «ርቀት» የሚባለው ብርሃኑ ወደ 0.25 ሉክስ (ሉክስ አንድ ቦታ ላይ የሚያርፈው ብርሃን መለኪያ ነው) የሚወርድበት ቦታ ነው፤ በጠራ ሌሊት የሙሉ ጨረቃን ብርሃን ያህል። እዚያ ላይ አንድ ነገር መኖሩ ቢታይም ጅብ ይሁን ውሻ መለየት ይከብዳል። የተጻፈውን ርቀት ግማሽ ብታስቡ ይሻላል፤ በግማሹ ላይ 1 ሉክስ ይገኛል።

ለቤትና ለግቢ፣ መብራት ሲጠፋም ለጓዳ፣ ባቶን 3 ትበቃለች። ብርሃኗ ሰፊ ነው፣ ኪስ ውስጥም ትገባለች። ሆኖም 1200 ሉመኑ የሚቆየው ለ1 ደቂቃ ተኩል ያህል ነው፤ ከዚያ ወደ 300 ይወርዳል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ትንሽ አካል ሙቀቱን ማስወገድ ስለማይችል ሆን ተብሎ የሚደረግ ነው። ማሳ ለሚጠብቅ ወይም ሰፊ ቅጥር ለሚዞር ጥበቃ ጃቭሎት ይሻላል። 690 ሜትር የተጻፈለት ሦስተኛው ባትሪ፣ ባለ 2100 ሉመኑ የሶፊርን ኩባንያ አይኤፍ22ኤ፣ ከሦስቱ ሩቅ ይደርሳል፤ ጨረሩ ግን በጣም ጠባብ ስለሆነ እግር ሥር ያለውን ድንጋይ አያሳይም። ለመንገድ አንመርጠውም።

«90,000 ሉመን» ተብሎ በአንድ የባትሪ ድንጋይ የሚሠራ የእጅ ባትሪ ሲቀርብላችሁ ሒሳቡን ሥሩ። ጥሩ ኤልኢዲ በአንድ ዋት 100 ሉመን ገደማ ይሰጣል ብንል 10,000 ሉመን እንኳ 100 ዋት ይፈልጋል። 18650 የሚባለው ባለ 3.7 ቮልት የሚሞላ ድንጋይ ያንን ለመስጠት 27 አምፒር ማፍሰስ አለበት፤ ምርጡም ቢሆን 13 ዋት-ሰዓት ያህል ብቻ ስለሚይዝ በ8 ደቂቃ ያልቃል። አካሉም በእጅ የማይያዝ ይሆናል። ድንጋዩ ላይ «9900 ሚሊአምፒር-ሰዓት» ከተጻፈም ውሸት ነው፤ የዚህ መጠን ድንጋይ ከ3600 ብዙም አያልፍም። በሚዛን አረጋግጡ፦ እውነተኛው ከ45 እስከ 50 ግራም ይመዝናል፣ ውስጡ ባዶ የሆነው ግን ቀለል ይላል።

ሁለት ባትሪ ለማወዳደር ስልክ ላይ የሉክስ መለኪያ መተግበሪያ ይጫናል። ድንጋዮቹ ሙሉ ይሁኑ፣ ክፍሉ ይጨልም። ባትሪውን ከስልኩ 5 ሜትር አርቁ፣ አብርታችሁ 30 ሰከንድ ጠብቁ፣ የጨረሩን መሃል የስልኩ ብርሃን መቀበያ ላይ አሳርፉ። የተነበበውን ሉክስ በ25 ማባዛት ካንዴላውን ይሰጣል፦ 400 ሉክስ 10,000 ካንዴላ፣ ማለትም 200 ሜትር ነው። በ1 ሜትር መለካት ያሳስታል፤ በዚያ ቅርበት ሩቅ የሚወረውር ባትሪ ጨረሩ ገና አልተሰበሰበም። የስልክ መለኪያ ከትክክለኛው ሊርቅ ይችላል፤ ሁለቱንም በአንድ ስልክ ከለካችሁ ግን የትኛው እንደሚበልጥ በግልጽ ያሳያል።

ዙም ያላቸው ርካሽ ባትሪዎችን ስትለኩ አንድ ነገር ልብ በሉ። አፋቸው ተስቦ ጨረሩ ሲጠብ ግድግዳው ላይ አራት ማዕዘን የኤልኢዲው ቅርጽ ይታያል፤ ካንዴላው ያኔ ከፍ ቢልም ብዙው ብርሃን ሌንሱን ስቶ ቱቦው ውስጥ ይቀራል።