ከልስን በኋላ ሰሚ የለም

ጎረቤቴ ቤቱን እየጨረሰ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ቡና ላይ "ሳሎኑ ግድግዳ ውስጥ ስፒከር ላስቀብር ነው፤ ቀብድም ከፍያለሁ" አለኝ። ባለቤቴ ቀና ብላ አየችኝና ሳቋ አመለጣት። እኛ ቤት አራት አለ። ሁለቱ ከቴሌቪዥኑ ግራና ቀኝ ግድግዳው ውስጥ፣ ሁለቱ ከሶፋው በላይ ጂብሰም ኮርኒሱ ላይ። ሙዚቃ የምንሰማው ግን ጠረጴዛ ላይ በተቀመጠች አንዲት የብሉቱዝ ስፒከር ነው። ለእሱ የነገርኩትን ለእናንተም ልጻፍላችሁ።

የሸጠልኝን ሱቅ ስም አልጠራም። ለጠብ አልመጣሁም፤ ደግሞ እንዲህ የሚሠራው እሱ ብቻ አይደለም። ዘመድ ቤት ሄደን ከኮርኒስ የሚወርድ ሙዚቃ ሰምተን ቀንተን ነበር። ሳጥን የለ፣ የሚጎተት ገመድ የለ። ሱቁ "ጋሼ፣ ሙሉ ፓኬጅ ነው። ስፒከሩም፣ አምፑም (ድምፁን የሚያጎላው መሣሪያ)፣ ገመዱም፣ ሥራውም በአንድ ዋጋ። የሁለት ዓመት ዋስትና አለው" አለኝ። ደረሰኝ ስጠይቀው "በደረሰኝ ከሆነ ይጨምራል" አለ። ያኔ ተነስቼ መሄድ ነበረብኝ። አልሄድኩም፤ ርካሽ መስሎኝ።

ሁለት ልጆች መጥተው ብሎኬቱን በግራይንደር ሰነጠቁ፣ ገመዱን ዘረጉ፣ ሄዱ። በሁለተኛው ቀን ለሳኙ ደፈነው። ስፒከሮቹ የገቡት ቀለም ካለቀ በኋላ፣ ከአራት ወር በላይ ቆይቶ ነው። ልብ በሉ፤ ጨዋታው ያለው እዚህ ላይ ነው። በአዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ሸማች የገዛው ዕቃ ጉድለት ካለበት በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ቴሌቪዥን ከሆነ ዛሬ ገዝታችሁ ማታ ትከፍቱታላችሁ። ግድግዳ ውስጥ የሚቀበር ነገር ግን ድምፁ የሚሰማው ቀኑ ካለፈ ከስንት ጊዜ በኋላ ነው። ደረሰኝ ከሌለ ደግሞ ቀኑን ከየት ጀምራችሁ ትቆጥራላችሁ?

የመጀመሪያ ቀን አምፑን እስከ መጨረሻው ከፈትነው። የወጣው ድምፅ ሱፐርማርኬት ውስጥ እንደሚሰማው ዓይነት ነው፤ ቀጭን፣ ከሩቅ የሚመጣ። የእህቴ ልጅ ኤሌክትሪሽያን ነው። አንዱን ፈቶ አወረደና ጀርባውን አሳየኝ። ትንሽ ትራንስፎርመር ተለጥፎበታል። "100 ቮልት፣ 3 ዋት፣ 6 ዋት" ይላል። "አጎቴ፣ ይሄ እኮ የሱቅና የሆቴል ነው" አለኝ።

ነገሩ ይህ ነው። ለሱፐርማርኬት፣ ለሆቴል ኮሪደር፣ ለአዳራሽ የሚሠራ ስፒከር በረጅም መስመር ብዙ ሆኖ እንዲቀጠል ተብሎ 100 ቮልት ከሚያወጣ አምፕ ጋር ነው የሚሠራው። የቤት አምፕ እንደዚያ አይደለም። 50 ዋት የሚባለው በ8 ኦም ስፒከር ላይ የሚያወጣው 20 ቮልት ነው። ይህንን 20 ቮልት፣ 100 ቮልት ለሚጠብቅ ባለ6 ዋት ስፒከር ስትሰጡት የሚደርሰው ሩብ ዋት እንኳ አይሞላም። ስፒከሩ አልተበላሸም፤ ቦታው አይደለም። ከመግዛታችሁ በፊት አዙራችሁ እዩት። ለቤት ከሆነ "8 ኦም" ወይም "4 ኦም" የሚል ነው የምትፈልጉት።

እሺ፣ ስፒከሩን በራሴ ወጪ ቀየርኩ። ሱቁ መጀመሪያ "የአምፑ ሴቲንግ ነው" አለ፣ ቀጥሎ "ልጆቹን እልካለሁ" አለ፣ ከዚያ ስልክ ማንሳት ተወ። አዲሶቹ ሲገቡ የኮርኒሶቹ ጥሩ ጮኹ። ከግድግዳዎቹ አንዱ ጭራሽ ዝም፤ ሌላው እንደ ንብ እዝዝዝ ይላል።

ዝም ያለው ገመዱ ነው። በቢላዋ ፋቅ ስናደርገው ከላይ ቀይ፣ ከውስጥ ነጭ። መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ነበር። አልሙኒየም የሚያስተላልፈው የመዳብን 60 በመቶ ያህል ነው፤ የባሰው ግን እየታጠፈ መሰበሩ ነው። እኛ ቤት ማዕዘኑ ላይ ልስን ውስጥ ተበጥሷል። እዝዝ የሚለው ደግሞ ከ220 ቮልት መስመር ጋር በአንድ ቦይ ተኝቷል። ይሄኛው የድምፅ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የስፒከር ገመድ ሽፋን ለመብራት ኃይል አልተሠራም፤ አደጋ ነው። በዚያው ቀን ከአምፑና ከስፒከሩ ነቅለነዋል።

ቱቦ ቢኖር ኖሮ አሮጌውን ስቦ አዲስ ማስገባት የአንድ ሰዓት ሥራ ነበር። ቱቦ የለም። ገመዱን ራቁቱን ነው የለሰኑት። አሁን ለመቀየር ግድግዳው እንደገና መሰንጠቅ፣ መለሰን፣ መቀባት አለበት። ባለቤቴ መልሷ አጭር ነበር። አልደግመውም።

ጎረቤቴ ይህን ሁሉ ሰምቶ ቀብዱን ሊያስመልስ ሄደ። አልመለሱለትም። ግን ከሱቁ ጋር ተከራክሮ ሦስት ነገር አስጽፏል፦ ገመዱ ሙሉ መዳብ፣ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር (ለ8 ኦም ስፒከር እስከ 15 ሜትር ለሚሄድ መስመር ይበቃል)፤ ለብቻው ቱቦ ውስጥ የሚገባ፣ ከመብራት መስመር የራቀ፤ ቀሪው ክፍያ ስፒከሩ ከልስን በፊት በጊዜያዊነት ተቀጥሎ ከተሰማ በኋላ። ከመሸፈኑ በፊትም ግድግዳውን በስልኩ ያነሳዋል፤ ወደፊት ሚስማር ሲመታ የት እንዳለ ያውቃል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ቢሆን ኖሮ የጋራ ግድግዳውን አትንካ እለው ነበር፤ ብሎኬቱ ውስጡ ባዶ ነው፣ ዘፈኑ የሚያደምቀው የጎረቤትን መኝታ ቤት ነው።

ለሳኙ ሰኞ ይገባል። እሁድ ከቤተክርስቲያን መልስ እሱ ጋ እሄዳለሁ። ቢላዋዬን ይዤ።