ኩላሊት ለትዳር አጋር፦ የ6,000 ዶላሩ ድጋፍ እስከ የት ያስኬዳል?

አሜሪካ ውስጥ ሚስት ለባሏ ወይም ባል ለሚስቱ ኩላሊት ሲሰጥ፣ የለጋሹን ምርመራና ቀዶ ሕክምና የሚከፍለው የተቀባዩ መድን ነው። የቤት ኪራዩን ግን ማንም አይከፍልም። ለጋሹ ወንድም ወይም ጓደኛ ቢሆን ቤት ውስጥ አንድ ሠራተኛ ይቀር ነበር፤ ባልና ሚስት ሲሆኑ ሁለቱም በአንድ ጠዋት ይተኛሉ። ይህን ቀዳዳ በከፊል የሚደፍነው ናሽናል ሊቪንግ ዶነር አሲስታንስ ሴንተር (ኤንኤልዳክ) ነው። የሚሠራው በፌዴራል መንግሥት ገንዘብ ሲሆን ለአንድ ለጋሽ እስከ 6,000 ዶላር ይሰጣል።

ድሮ የሚከፍለው ጉዞ፣ ማደሪያና ምግብ ብቻ ነበር፤ በኋላ ለጋሹ ያጣው ደመወዝና የልጅ ወይም የአረጋዊ ጥበቃ ወጪ ተጨመሩ። ሆስፒታሉ አጠገባቸው ለሆነ ጥንዶች ሙሉ ጥቅሙ ያለው እዚህ ላይ ነው። ጣሪያው ግን ለሁሉም በአንድ ላይ የተቆረጠ ነው። በሳምንት 900 ዶላር የሚያገኝ ሰው ስድስት ሳምንት ቢተኛ የሚያጣው 5,400 ዶላር ነው፤ የልጅ ጠባቂ ሲጨመርበት ጣሪያው ቶሎ ይነካል። ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚሠራ ቀደም ብሎ ሊመለስ ይችላል። መጋዘን ወይም ኤርፖርት ላይ ሻንጣ የሚያነሣ ሰው ግን ስድስት ሳምንት ያህል ከ4.5 ኪሎ በላይ እንዳያነሣ ስለሚነገረው ሒሳቡን በዚያ ልክ ይያዝ።

ብቁነቱ የሚለካው በተቀባዩ ቤተሰብ ገቢ ነው፤ ወሰኑ ከፌዴራሉ የድህነት መለኪያ 350 በመቶ ነው። በእ.ኤ.አ. 2025 መለኪያ ለሁለት ሰው ቤተሰብ 74,025፣ ለአራት ሰው 112,525 ዶላር ይሆናል። ባልና ሚስት የሚቸገሩት እዚህ ጋ ነው፦ ለጋሹ አብሮ ስለሚኖር፣ በቅርቡ የሚቋረጠው የእሱ ደመወዝ ራሱ ከቤቱ ገቢ ጋር ይደመራል። ከወሰኑ በላይ ከሆናችሁ በችግር ምክንያት ልዩ ፈቃድ መጠየቅ ይቻላል፤ ኪራይን፣ ዕዳንና የሕክምና ክፍያን በወረቀት አስደግፉ።

ማመልከቻውን የሚያስገባው የሆስፒታሉ ሶሻል ወርከር ነው። ለጋሹና ተቀባዩ የየራሳቸውን ቅጽ ይሞላሉ፤ ተቀባዩ የገቢ ማስረጃ ያያይዛል፤ ለጋሹም ለኩላሊቱ ዋጋ እንዳልተቀበለ ይፈርማል፤ እ.ኤ.አ. የ1984ቱ የአሜሪካ ሕግ ኩላሊት መሸጥን ስለሚከለክል ነው። ብዙ ሰው የሚወድቀው ጊዜ ላይ ነው፦ ከመጽደቁ በፊት የወጣ ወጪ አይመለስም። ስለዚህ ሶሻል ወርከሩን የምርመራው ቀጠሮ በተያዘበት ዕለት ጠይቁ፤ የቀዶ ሕክምናው ቀን እስኪቆረጥ አትጠብቁ። ታክሲ ወይም ኡበር ለሚነዳ ደግሞ የሚታየው የታክስ ወረቀቱ ላይ የሠፈረው ገቢ ነው። ገቢውን አሳንሶ ያስመዘገበ ሰው የሚቆጠርለት ደመወዝም ያንኑ ያህል ያንሳል።

ድርጅቱ ሌላ ከፋይ ሲጠፋ ብቻ የሚከፍል የመጨረሻ አማራጭ ነው። አሠሪ፣ መድን ወይም ጎፈንድሚ (በኢንተርኔት የሚሰበሰብ መዋጮ) የከፈለውን ያንኑ ወጪ ደግሞ አይከፍልም። የጎፈንድሚውን ገንዘብ ለኪራይና ለመኪና ክፍያ አውሉት፤ ተቀባዩ ሜዲኬይድ (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጥ የመንግሥት የጤና መድን) ላይ ከሆነ ግን ገንዘቡ በስሙ ከመግባቱ በፊት የሆስፒታሉን የፋይናንስ አስተባባሪ አማክሩ።

ፈቃድን በተመለከተ፣ 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ድርጅት ውስጥ አንድ ዓመትና 1,250 ሰዓት የሠራ ሰው በፌዴራል ሕግ እስከ 12 ሳምንት ያለ ክፍያ ማረፍ ይችላል። ሜሪላንድ 15 ሠራተኛ ካለው ድርጅት ጀምሮ እስከ 60 የሥራ ቀን ትፈቅዳለች፤ ቨርጂኒያም ከሐምሌ 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተመሳሳይ ሕግ አላት፣ የእሷ ግን ከ50 ሠራተኛ ይጀምራል። እንደ ኡበር ባለ አፕሊኬሽን ለሚነዱ ግን የፌዴራሉም የስቴቶቹም ሕግ አይረዳም።

ከላቦራቶሪ በስማችሁ ቢል ቢመጣ አትክፈሉ። አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ደም ሲቀዳ የራሳችሁን የመድን ካርድ ስለሰጣችሁ ነው፤ ለሆስፒታሉ ትራንስፕላንት (ንቅለ ተከላ) ክፍል ላኩት። በዕድሜ የሚታዘዙት ማሞግራምና ኮሎኖስኮፒ ግን ብዙ ጊዜ በለጋሹ መድን ላይ ይወድቃሉ።

የኤንኤልዳክ ሌላው ጉድለት ለእኛ ሰው የከፋ ነው። ለጋሹም ተቀባዩም አሜሪካ ውስጥ በሕጋዊነት የሚኖሩ መሆን አለባቸው። ስለዚህ ለመለገስ ብላ በቪዛ ከአዲስ አበባ የመጣች ሚስት የአውሮፕላን ትኬቷ አይሸፈንላትም።

እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ ሆስፒታሉ አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት። የለጋሹ ገለልተኛ ጠበቃ (የሕግ ጠበቃ ሳይሆን፣ የለጋሹን ጥቅም ብቻ እንዲጠብቅ የተመደበ ሰው) ለሚያደርገው ቃለ ምልልስ በተለይ የሆስፒታሉን አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ባል ወይም አማት እያስተረጎሙ ለጋሿ «አልፈልግም» ማለት አይቻላትም።