ከስፒርጋኑ በፊት ቡዩን ግዙ፦ ከወራት አጠቃቀም በኋላ

ፍሎሪዳ ውስጥ በስፒርጋን (ውሃ ውስጥ ጦር በሚተኩስ መሣሪያ) ዓሣ መያዝ ለሚያምረው ሰው መጀመሪያ የምመክረው ባንዲራ ያለው ቡይ (ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ምልክት) እንዲገዛ ነው። የኔን ከገዛሁት ወራት አልፈዋል። በአየር ይሞላል፣ ውጪው ጠንካራ ናይለን ነው። አናቱ ላይ ቀይ ሆኖ ነጭ ሰያፍ መስመር ያለው፣ ከሥር ጠላቂ እንዳለ ለጀልባ ነጂዎች የሚናገር ባንዲራ ተተክሎበታል።

ሕጉ ለባንዲራው ልክ አውጥቶለታል። ዋናተኛ የሚጎትተው ቢያንስ 12 በ12 ኢንች፣ ጀልባ ላይ የሚሰቀለው 20 በ24 ኢንች መሆን አለበት። ነፋስ ባይኖርም ተዘርግቶ መታየት አለበት። የኔ ቡይ ድክመት እዚህ ላይ ነው። ጨርቁን የሚወጥረው ቀጭን የፕላስቲክ ዘንግ ብዙም ሳይቆይ ተሰነጠቀ፤ ባንዲራው ይታጠፍ ጀመር። በፋይበርግላስ ዘንግ ቀየርኩት፤ እስካሁን ቀጥ ብሎ ቆሟል። ቀለሙ በፀሐይ ትንሽ ደብዝዟል፤ ከሩቅ ግን አሁንም ይለያል። ቡዩ ራሱ አየር አያስወጣም።

ቡዩን ለመጎተት አብሮት የመጣው ገመድ አልረባኝም። ቀጭን ስለሆነ ይጠላለፋል። ወፍራምና የሚንሳፈፍ ገመድ ገዛሁ፤ ያወጣሁት ገንዘብ አልቆጨኝም። ጠላቂው ክፍት ባሕር ላይ ከባንዲራው 300 ጫማ (91 ሜትር ገደማ)፣ በጠባብ የጀልባ መተላለፊያ ደግሞ 100 ጫማ ውስጥ ለመቆየት መጣር ግዴታ ነው። ጀልባ ነጂውም በዚያ ርቀት ውስጥ ካለፈ እጅግ ቀስ ብሎ መሄድ አለበት። ትንፋሹን ይዞ ከሥር የሚወጣ ሰው አለኝታው ይሄ ብቻ ነው። ባንዲራው ካልታየው ነጂው ምን አይቶ ፍጥነት ይቀንስ?

ከውሃ ስትወጡ ባንዲራው መውረድ አለበት። የኔ ባንዲራ ምሰሶ በቀላሉ ይነቀላል፤ ይህን በጣም ወድጄለታለሁ።

ቡይ መያዝ ግን የትም ለመተኮስ አያስፈቅድም። ሕዝብ ከሚዋኝበት ዳርቻ፣ ከዓሣ ማጥመጃ መድረክና ማጥመድ ከተፈቀደበት ድልድይ 100 ያርድ መራቅ ያስፈልጋል። ሎብስተር በጦር መውጋት ክልክል ነው። ጨዋማ ባልሆነ ውሃ ላይማ ስፒርጋን ይዞ መገኘት ራሱ ያስጠይቃል።

ደግሜ ብገዛ ይሄንኑ ቡይ እገዛለሁ፤ ዘንጉንና ገመዱን ግን ዕለቱኑ እቀይራለሁ።