የድመት መሮጫ ጎማ ከስምንት ወር በኋላ፦ ሽሮ ሮጠበት ወይስ ተኛበት?

ለድመታችን መሮጫ ጎማ ከገዛን ስምንት ወር ሆነ። አዎ፣ ለድመት። ትልቅ ክብ ነገር ነው። ድመቱ ውስጡ ገብቶ ሲራመድ ከሥሩ ይዞራል፣ እሱ ግን ካለበት ፈቀቅ አይልም። የሰው ትሬድሚል በሉት፣ ሞተር የለውም እንጂ። ከነማጓጓዣው 270 ዶላር ገደማ ወጥቶበታል። ይህንን ቁጥር እስካሁን እናቴ ፊት አልጠራሁም።

ሽሮ የአምስት ዓመት ወንድ ድመት ነው። ስሙን ያገኘው ከመልኩ ነው። የምንኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አፓርታማ ውስጥ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ውጭ አይወጣም። ውሎው ከሶፋ ወደ ሳህን፣ ከሳህን ወደ መስኮት ነበር። ደግሞ የተኮላሸ ነው። ድመት ሲኮላሽ የሚያስፈልገው ጉልበት ይቀንሳል፣ የመብላት ፍላጎቱ ግን ይጨምራል። ውጤቱን መገመት አያቅትም።

ሐኪሟ ሚዛን ላይ ስታወጣው 16 ፓውንድ መዘነ፤ 7 ኪሎ ከሩብ ማለት ነው። ጎኑን በሁለት እጇ ደባበሰችና "ጎድኑ የት አለ?" አለችኝ። ጤነኛ ድመት ሳይጫኑት የጎድን አጥንቱ በጣት ይታወቃል። የሽሮን ለማግኘት መቆፈር ያስፈልግ ነበር። ስለ ስኳር በሽታና ስለ መገጣጠሚያ ሕመም ነገረችኝ። አጥብቃ ያስጠነቀቀችኝ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ምግቡን በአንድ ጊዜ እንዳልቆርጥበት። ወፍራም ድመት ለጥቂት ቀናት እንኳ ሳይበላ ከቆየ ስቡ ጉበቱ ላይ ይከማችና ሊገድለው ይችላል። ስለዚህ መቀነስ ያለበት በዝግታ ነው፣ በሳምንት ከክብደቱ 1 ከመቶ ገደማ። ጎማውን ያዘዝኩት የዚያኑ ቀን ማታ ነው።

ዕቃው በትልቅ ካርቶን ተበታትኖ መጣ። መግጠሙ ከባድ አይደለም፤ አንድ ካቻቢቴና ትንሽ ትዕግሥት ይበቃል። የሚከብደው ቦታ ማግኘቱ ነው። ስፋቱ ከጫፍ ጫፍ 120 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። የሳሎናችንን አንድ ጥግ ሙሉ በሙሉ ወስዶታል፤ የቡና ዕቃችን የነበረበትን ጥግ። አነስ ያለው ይቅርብኝ ማለት ግን አይቻልም። ጎማው ጠባብ ከሆነ ድመቱ ሲሮጥ ጀርባው ወደ ላይ ይታጠፋል፣ ውሎ አድሮም ይጎዳዋል። ሽሮን የሚያክል ድመት አከርካሪው ተዘርግቶ እንዲሮጥ ትልቁ ግድ ነው።

ከዚያ ምን ሆነ? ምንም። መጀመሪያ አሸተተው፣ ጉንጩን አሻሸበት፣ ሄደ። በሁለተኛው ሳምንት ውስጡ ገብቶ ተኛ። ጎማው ለአንድ ወር ያህል የ270 ዶላር አልጋ ሆነ።

እናቴ ከአዲስ አበባ የመጣችው በዚሁ ሰሞን ነው። ሳሎን ገብታ ዙሪያውን አየችና "ይሄ ደግሞ ምንድነው?" አለች። ነገርኳት። "ለድመት? መሮጫ?" ብላ ቁጭ አለች። "እኛ አገር ድመት እንዳይሮጥብን ነው የምናባርረው። በስመአብ! ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም።" ከዚያ በኋላ ስልክ በደወለች ቁጥር ለአክስቶቼ የምታወራው ይህንኑ ሆነ።

ሽሮን ጎማው ላይ ያስነሳው ማስተማር ነው። ድመት አይማርም የሚባለው ውሸት ነው፣ በነጻ አይማርም እንጂ። ሐኪሟ በፈቀደችው መጠን፣ ፍርፋሪ የሚያህል የደረቀ ዶሮ ያዝኩ። የፊት እግሩን ጎማው ላይ ሲያሳርፍ አንዷን ሰጠሁት። በሌላ ቀን አራቱንም እግሮቹን ሲያሳርፍ። መጀመሪያ ላይ ጎማው እየተንቀሳቀሰ ስላስደነገጠው ከሥሩ መጽሐፍ ሸጉጬ እንዳይዞር አደረግሁት። መጽሐፉን ያወጣሁት መቆሙን ከለመደ በኋላ ነው። ከዚያ አንድ እርምጃ፣ አንድ ፍርፋሪ። በቀን ከአምስት ደቂቃ አላስበለጥኩም፤ ሲሰለቸው ጅራቱን መወርወር ይጀምራል፣ ያኔ ይበቃል።

መራመድ እንዲህ መጣ። ሩጫው ግን በዶሮ አልመጣም። ያመጣው ጫፉ ላይ ላባ የታሰረበት ዘንግ ነው፣ 10 ዶላር የማይሞላ ዕቃ። ጎማው አጠገብ ቆሜ ላባውን ከፊቱ ትንሽ ራቅ አድርጌ መሬት ለመሬት ስጎትተው የዓይኑ ብሌን ተስፋፍቶ ዓይኑ ጥቁር ይሆናል። አገጩን ዝቅ ያደርጋል። መቀመጫውን ግራ ቀኝ ያወዛውዛል። ከዚያ ይፈተለካል! ጎማው ድው ድው እያለ ይሽከረከራል፣ ሆዱ ከግራ ወደ ቀኝ ይወዛወዛል፣ ልጄ በሳቅ ትፈርሳለች። ይሄ ሁሉ ቢበዛ አንድ ደቂቃ ነው። ከዚያ ወርዶ ወለሉ ላይ ይዘረጋል።

ዕቃውን ለመግዛት የምታስቡ ይህችን ደቂቃ ልብ በሉልኝ። ማስታወቂያው ላይ ድመቱ እንደ ማራቶን ሯጭ ሲሮጥ ይታያል። ድመት ግን የማራቶን ፍጥረት አይደለም። አድፍጦ፣ ጠብቆ፣ በአንድ ዝላይ የሚይዝ አዳኝ ነው። ዱር ቢሆን በቀን ብዙ ጊዜ ትናንሽ አደን ያድናል፣ ብዙውም አይሳካለትም። "ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ" ይባል የለ? ሦስተኛ ፎቅም ብትመነኩስ ያው ነች። ስለዚህ አጭር ጨዋታ በቀን ሁለት ሦስቴ ከአንድ ረጅም ጨዋታ ይሻላል። ላባውንም እንደ ወፍ ወይም እንደ አይጥ አንቀሳቅሱት፤ ይሽሽ፣ ይደበቅ፣ ይቁም። ፊቱ ላይ ብታውለበልቡለት ጆሮ ዳባ ልበስ ይላችኋል፤ በራሷ ወደ አዳኝ የምትመጣ አይጥ የለችማ። በስተመጨረሻም ያዘው ይበል። የሌዘር መብራትን ያልወደድኩት በዚህ ነው። ቀይ ነጥብ አይያዝም፣ አንዳንዱን ድመት ያናድዳል፣ ዓይን ላይ ካረፈም አደገኛ ነው።

በነገራችን ላይ የቤት እንስሳት ሱቅ ስሄድ ከየት እንደሆንኩ የሰማ ሁሉ "አቢሲኒያን ነው ያለህ?" ይለኛል። አቢሲኒያን የሚባለው ዝርያ በእርግጥ ቀልጣፋ ነው፤ ለእንዲህ ያለው ጎማ የተፈጠረ ይመስላል። ከመቅደላ ዘመቻ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1868፣ ዙላ የምትባል ድመት ወደ እንግሊዝ ተወሰደች ይባላል። የዘረመል ጥናቶች ግን የዝርያውን ምንጭ የሚጠቁሙት ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻና ወደ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ነው። የእኛው ሽሮ ግን ከመጠለያ የመጣ የሜሪላንድ ተወላጅ ነው።

ወደ ጎማው ልመለስ። በሦስተኛው ወር ሽሮ ያለ ዘንግ፣ በራሱ ፈቃድ መውጣት ጀመረ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ሰዓቱ ግን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው! ድመት የሚነቃቃው ጎህ ሲቀድና ሲመሽ ስለሆነ እሱ ምን ተዳው። ከታች ያለው ጎረቤታችን መጀመሪያ በትሕትና፣ ከዚያ ትሕትናውን ቀነስ አድርጎ መልእክት ላከ። ከጎማው ሥር ወፍራም የጎማ ምንጣፍ ካነጠፍኩ በኋላ ድምፁ በጣም ቀነሰ። የበለጠ የረዳው ግን የሰዓት ለውጥ ነው። ልንተኛ ስንል አሥር ደቂቃ በላባው አጫውተዋለሁ፣ ወዲያው የራት ድርሻውን እሰጠዋለሁ። አድኖ፣ በልቶ፣ ራሱን ልሶ ይተኛል። አሁን የሌሊቱ ሩጫ አልፎ አልፎ ብቻ ነው።

ክብደቱ ዛሬ 13 ፓውንድ ተኩል ነው። ሐኪሟ ጎድኑን አገኘችው። ግን ይህን ሁሉ ለጎማው መስጠት ግፍ ይሆናል። አብዛኛው የመጣው ከኩሽና ሚዛን ነው። ቤት ውስጥ የሚውል 10 ፓውንድ የሚመዝን ድመት በቀን ከ200 እስከ 250 ካሎሪ ገደማ ይበቃዋል። አንድ ኩባያ ደረቅ ምግብ ብቻውን ብዙ ጊዜ ከ350 ያልፋል። እኛ ደግሞ ሳህኑ ጎደለ ባልን ቁጥር እንሞላ ነበር። አሁን ተመዝኖ ነው የሚሰጠው፣ ግማሹም ባዶ የእንቁላል ካርቶን ውስጥ ተበትኖ በእግሩ እየቆፈረ ያወጣዋል። ካርቶኑ በነጻ ነው፣ ሽሮም ከገዛሁለት የፕላስቲክ መጫወቻ አብልጦ ይወደዋል።

የእናቴን እጅ ማስቆም ግን ከሁሉም ከበደኝ። ከወጡ ሥጋ አንስታ "ምስኪን፣ አስራባችሁት" እያለች ትሰጠው ነበር። የወጥ ጣጣው ስቡ ብቻ አይደለም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ለድመት መርዝ ነው፣ ቀይ የደም ሴሉን ይሰባብራል። ይህን ስነግራት ደነገጠችና በማግስቱ ለብቻው ዶሮ መቀቀል ጀመረች። ፍልሰታ ሲገባም ቤቱ በሙሉ ሲጾም የሱ ዶሮ ብቻ ምድጃው ላይ ይንተከተካል።

ታዲያ ጎማው ምን ጠቀመ? ጠባዩን ለወጠው። ድሮ ሲሰለቸው ከመጋረጃ ጀርባ አድፍጦ ቁርጭምጭሚታችንን ይነክስ ነበር፣ አሁን ይህን ትቷል። ዝናብ ሲዘንብ፣ ክረምት ሲሆን፣ እኛ ከሥራ ደክመን ስንገባ ጉልበቱን የሚያፈስበት ቦታ አለው። መስኮቱ ላይ መዝለል ያቅተው የነበረ ድመት ዛሬ ፍሪጅ ላይ ወጥቶ ያየናል።

ስለ ዕቃው ጥራት ስናወራ ግን ፊቴ ይጠቁራል። የመሮጫው ስፖንጅ በአምስተኛው ወር ከዳር መላጥ ጀመረ፣ ሽሮም በጥፍሩ አገዘው። ኩሽኔታዎቹ ፀጉርና አቧራ ይሰበስባሉ፣ ካልተጠረጉ ሲጥ ሲጥ ይላሉ። ስለ ስፖንጁ ለሻጩ ፎቶ ልኬ ብጽፍ፣ ስፖንጅ በመላክ ፋንታ በሚቀጥለው ግዢ የዋጋ ቅናሽ እንደሚያደርግልኝ ነገረኝ። ሁለተኛ ጎማ ምን ያደርግልኛል? ከሃርድዌር ሱቅ ቀጭን ምንጣፍ ገዝቼ ራሴ ቆርጬ ለጠፍኩበት፣ እስካሁን ይዟል።

ከአምስት ኮከብ ሦስት እሰጠዋለሁ፣ ቀልጣፋና ወጣት ድመት ላለው አራት። ያረጀ ወይም መገጣጠሚያውን የሚያመው ድመት ካላችሁ ይቅርባችሁ። ሕፃን ልጅ ያለበት ቤት ደግሞ ጣት በጎማውና በማቆሚያው መሃል እንዳይገባ ዓይን አይነቀልም፤ የኔዋ ራሷ ልትሮጥበት ሞክራለች።

አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት የላባ ዘንጉን ግዙና ሁለት ሳምንት አጫውቱት። ስትጨርሱ ዘንጉን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፉበት፣ የላባውን ክር የዋጠ ድመት በቀዶ ሕክምና አንጀቱ ተቆርጦ ሊወጣለት ይችላል። ላባውን እያባረረ ቤቱን ከጫፍ ጫፍ የሚያካልል ከሆነ ጎማውም ይሆነዋል። ተጋድሞ በአንድ እግሩ ብቻ የሚመታ ከሆነ 270 ዶላራችሁን ያዙ። ሁለተኛ እጅም ፌስቡክ ላይ ሞልቷል፣ ድመታቸው ተኝቶበት የቀረባቸው ሰዎች በግማሽ ዋጋ ይሸጡታል። ስትሄዱ ስፖንጁን ገልጣችሁ እዩ፣ በእጃችሁም አዙራችሁ ኩሽኔታውን አዳምጡ።